ባለሁለት እግሯ አዳፕተር

ነሐሴ 25 ቀን 2005፣ ቅዳሜ፣ ከሰዓት

የኮምፒውተሩ ኬዝ ተከፍቷል። ብሎኖቹ ከጎረቤት በተዋስኩት የጁስ ብርጭቆ ውስጥ ናቸው። ግራፊክስ ካርዱ ቦታው ላይ ጠቅ ብሎ ገብቷል። ያምራል። አይሠራም።

ነገሩ እንዲህ ነው፣ ደብተሬ። ካርዱ ለብቻው መብራት ይፈልጋል። ጫፉ ላይ ስድስት ፒን ያለው አፍ ከፍቶ ይጠብቃል። ለማሽኑ መብራት የሚያከፋፍለው ፓወር ሳፕላያችን ደግሞ አሮጌ ነው፤ ለዚያ አፍ የሚሆን ገመድ የለውም። ያለው ለሃርድ ዲስክና ለማራገቢያ የሚሆን ነጭ ባለአራት ቀዳዳ ጫፍ ብቻ። ካርዱን ከአ.አ. ስናስመጣ በዋጋው ተከራከርን፣ በዋስትናው ተከራከርን፣ በምን እንደሚሰካ የጠየቀ ግን የለም። እኔም ጭምር። በኮምፒውተር የተመረቅኩት እኔ።

ጋሽ ታደለ፣ የቪዲዮ ቤቱ ባለቤት፣ ኬዙን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ኮፍያቸውን አወለቁ። አልተቆጡም። አለመቆጣታቸው ይብሳል። አዲስ የካሜራ መብራት ሊገዙ ሲሉ ካርድ ይሻላል ብዬ ቀን ከሌት የነዘነዝኳቸው እኔ ነኝ።

ሁሉም በአስቴር ሰርግ ምክንያት ነው። በሐምሌ ጋሞ ተራራ ላይ ኦቾሎ መንደር ወጥተን በሦስት ካሜራ ቀረጽነው። አሮጌው ማሽን ሦስቱን ምስል አንድ ላይ ሲያጫውት ይንተባተባል፣ ከዚያ ቀጥ ይላል። መስቀል ሲያልፍ አስቴር ለሶፌ ትወጣለች፤ ቅቤ ተቀብታ፣ አጊጣ፣ ከጓደኞቿ ጋር ገበያውን ትዞራለች፣ አገሩ ሁሉ ይመርቃታል። ፊልሙ የሚታየው የዚያን ቀን ነው። እስከዚያ ማሽኑ ካልተስተካከለ ጋሽ ታደለ ቀረጻውን እንደ ድሮው ለአ.አ. ይልኩታል፣ እኔም ወደ ፎቶ ባንኮኒው እመለሳለሁ። ቀና በል፣ ጆሮህ ይታይ፣ አትሳቅ። ዕድሜ ልክ የፓስፖርት ፎቶ።

የእኔስ ይሁን። ባለፈው ለአ.አ. የላክነው ሰርግ ተቀነባብሮ ሲመለስ የሽማግሌዎቹ ምርቃት የለበትም። ቀናባሪው ጋሞኛ አይሰማም፤ ረዘመብኝ ብሎ ቆርጦ ጣለው፣ በምትኩ የሚሽከረከር ጽጌረዳ ከተተበት። የሙሽራው አባት ፊልሙን አይተው ሲጨርሱ ልጄ ሳይመረቅ ነው እንዴ የተዳረው ብለው ጠየቁ። ጋሽ ታደለ እስከ ዛሬ ሰውየውን ገበያ ላይ ሲያዩ መንገድ ይቀይራሉ።

የአስቴር አያት ምርቃት ከዚያኛውም ይረዝማል። አንዲት ቃል አላስቆርጥም።

ነሐሴ 27፣ ሰኞ

የአርባ ምንጭን ሲቀላ ሰፈር ሱቅ በሱቅ አካለልኩ። አንዱ ሱቅ ፍላሽ ሊሸጥልኝ ሞከረ። አንዱ ስታቢላይዘር። ሦስተኛው ካርዱን ሸጠሽ ቀለል ያለ ግዢ ብሎ መከረኝ፣ እሱ ራሱ እንደሚገዛውም ጠቆም አደረገ። ፀሐዩ አናቴን ሊበሳው ነው። የደብረ ብርሃን ልጅ እዚህ ስትኖር ጃንጥላ ለዝናብ ብቻ እንዳልሆነ ትማራለች።

የምፈልጋት ነገር ከመዳፌ ብዙም የማትበልጥ ገመድ ናት። በአንድ በኩል ለካርዱ አፍ የሚሆን ባለስድስት ጫፍ። በሌላ በኩል እንደ ሱሪ ሁለት እግር። እግሮቿ ከፓወር ሳፕላዩ ነጫጭ ጫፎች ጋር ይገጥማሉ። አዳፕተር። በቃ። የፓወር ሳፕላዩን ጀርባ አነበብኩ፣ አቅሙ ለካርዱ ይበቃል። የጎደለችው እሷ ብቻ ናት።

ጋሽ ታደለ መላ አላቸው። ፒንሳና ናስትሮ ይዘው ከች አሉ። ቆርጦ መጠቅለል ነው። የዚህ ቤት ዕቃ ሁሉ የቆመው በናስትሮ ነው፤ የማይኩ እጀታ፣ የትራይፖዱ እግር፣ የራሳቸው መነጽር። ኬዙ ላይ ተደፋሁበት። ቢጫው ሽቦ ዐሥራ ሁለት ቮልት ነው፣ ቀዩ አምስት፣ ከተሳሳተ ካርዱ ጭስ ሆኖ ይወጣል አልኳቸው። ገመድ ገመድ ነው አሉኝ። ደምም ደም ነው፣ ግን ሐኪም ዓይነቱን ሳያይ ለሰው አይሰጥም አልኳቸው። ሳቁ፣ እስኪያስላቸው። ፒንሳውን ግን ደበቅኩት።

ሄለን፣ የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ፣ አ.አ. ናት። ደወልኩላት። ገዝታ በአውቶብስ ሹፌር ትልክልኛለች። ጋሽ ታደለም እስከ እንቁጣጣሽ እጠብቃለሁ አሉ። ከዚያ በኋላ ቀረጻው ይላካል።

ጳጉሜን 2፣ ቅዳሜ፣ አመሻሽ

መጣች!

ከሰዓቱን በሙሉ መናኸሪያ ቆሜ ዋልኩ። ሹፌሩ ወፍራም፣ ደግ፣ የሁሉ ሰው ፖስተኛ ነው። ከወንበሩ ሥር የማያወጣው የለም፤ የአንዷን መድኃኒት፣ የአንዱን የሰርግ ጫማ፣ የአንዷን ዊግ። የእኔን ግን ከፊት መስታወቱ ሥር ነበር ያስቀመጣት። ሄለን የሰው እንጀራ ያለበት ዕቃ ነው ብላ አስፈራርታዋለች። የብስኩት ካርቶኑን ፊቱ ከፈትኩት። አንገቱን አስግጎ አየ። "ለዚች ነው ሌሊቱን ሶዶ ላይ ሳልተኛ የጠበቅኳት?" አለ።

የላንቴ ሙዝ ገዝቼ ሰጠሁት። ተጽናና።

ገመዷን ይዤ በባጃጅ ስመለስ ለብቻዬ እስቅ ነበር። ባለባጃጁ በመስታወቱ እያየኝ ደህና ነሽ ወይ አለኝ። በጣም ደህና ነኝ።

ጳጉሜን 3፣ እሑድ

ደስታዬ ከጠዋት እስከ ምሳ ቆየ። በዝርዝር ልጻፍልሽ፣ ምክንያቱም ጠዋቱ ቆንጆ ነበር።

ከፓወር ሳፕላዩ ሁለት የገመድ መስመር ይወጣል። እያንዳንዱ ላይ ነጫጮቹ ጫፎች በየመሐሉ ተንጠልጥለዋል። ሃርድ ዲስኩ ያለበትን መስመር ሳብ አደረግኩ፣ የአዳፕተሯን ሁለት እግሮች እዚያው አጠገብ ላጠገብ ሰካሁ። ባለስድስቱን ጫፍ ለካርዱ አጎረስኩት። ትርፉን መስመር ጠቅልዬ፣ በፕላስቲክ ማሰሪያ አስሬ፣ ጥግ አስያዝኩት። ንጹሕ ሥራ። ጋሽ ታደለ እንኳን እንደ አልጋ ነው ያነጠፍሽው አሉ።

አበራን። ማራገቢያው ዞረ። ስክሪኑ መጣ። ሦስቱ ካሜራዎች ጎን ለጎን፣ ያለ አንዳች መንተባተብ፤ አስቴር በሦስት በኩል ትስቃለች። ጋሽ ታደለ ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ በትከሻቸው ጨፈሩ። እኔ ቆሜ ጨፈርኩ።

ከምሳ በኋላ ሬንደር አዘዝኩት፤ የቀነባበርኩትን ቁራጭ አንድ ፊልም አድርጎ እንዲያወጣ። ትንሽ ሄደ። ቀጭ። ጨለማ። ራሱ ተመልሶ ተነሣ። ደግሜ አዘዝኩት። ቀጭ። ደግሜ። ቀጭ። የሚያጠፋው እንዲህ ከባድ ሥራ ሲሰጠው ብቻ ነው።

ፍርዱ ወዲያው ተሰጠ፤ ቆጣሪው ነው። የሱቆቹ ረድፍ በሙሉ የሚበራው በአንድ ቆጣሪ ነው። እኛ፣ በስተቀኛችን የሳባ ፀጉር ቤት ከነፀጉር ማድረቂያ ካስኮቹ፣ በስተግራችን የእትዬ ዘነበች ጁስ ቤት። እትዬ ዘነበች አቮካዶ ስትፈጭ የእኛ አምፖል ዓይኑን ይጨፍናል። በዚህ ረድፍ ምንም ይበላሽ ምን ጥፋተኛው ቆጣሪው ነው። ባለፈው የሳባ ጫማ ተረከዝ ሲሰበርም ቆጣሪው ላይ ተፈርዶ ነበር።

ጳጉሜን 5፣ ማክሰኞ፣ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ

ዛሬ ያደረግኩትን ልንገርሽና ዝም በይኝ።

ፀጉር ቤት በዓመት አንዴ እንደዚህ ይሞላል። የአገሩ ሴት በሙሉ ለነገ ይሠራል። እኔ ደግሞ ያን ቀን መርጬ ሳባ በር ላይ ቆምኩ። ለአንድ ሰዓት ያህል ካስክሽን ታጠፊልኝ? ሬንደሩን ልሞክር፣ የአስቴር ፊልም ነው፣ ካልሆነ አ.አ. ሊሄድ ነው አልኳት። እንደምትጮህብኝ ገምቼ ነበር። ሳባ ማበጠሪያዋን ጥርሷ ላይ ነክሳ አሰበች። ከዚያ ሴቶቹን ቢጎዲን በቢጎዲን አድርጋ አስነሣቻቸው፣ ወንበር አስወጣች፣ በረንዳው ላይ ፀሐይ ላይ ደረደረቻቸው። የአርባ ምንጭ ፀሐይ ካስክ ነው አለች። አንዷ አስቴርን በእናቷ በኩል ታውቃታለች፤ ስለዚህ ወሬው ደርቶ የተቆጣ ሰው አልነበረም።

እትዬ ዘነበችም ማሽኖቿን ነቀለች። ጁስ የጠየቀውን ማንጎ በቢላ ቆርጣ በሳህን ታቀርብለታለች። ልጠጣ ያለው ይብላ አለች።

ረድፉ ሁሉ ጠፍቶ፣ ሰው ሁሉ በራችን ላይ ቆሞ፣ እኔ ሬንደር ጫንኩ።

ቀጭ።

 ሳባ ትከሻዬን መታ መታ አደረገችኝ፣ ከረድፉ ጀርባ ከቆጣሪው የሚስብ ሌላ ሰው ይኖራል አለች። ጋሽ ታደለ ኮፍያቸውን አወለቁ። ነገ በዓል ነው፤ ከነገ ወዲያ ቀረጻውን አሽገው መናኸሪያ ይወስዱታል። ዛሬ ቀኑን ሙሉ የሳባን ዓይን ማየት አልቻልኩም። አፍሬያለሁ፣ ተናድጃለሁ፣ ደግሞ እወዳቸዋለሁ።

መስከረም 1 ቀን 2006፣ ረቡዕ፣ ጠዋት

መልካም አዲስ ዓመት፣ ደብተሬ። የት ነሽ ብትይኝ ሱቅ ነኝ።

አከራዬ ዶሮ ወጥ ብዪ ብላ ለመነችኝ። እመለሳለሁ አልኳት። ዛሬ ሁሉም ዘግቷል። ሳባ የለች፣ እትዬ ዘነበች የለች፣ የሚስብ የለም። ቆጣሪው የእኔ ብቻ ነው። ዛሬ ካልሠራ መቼም አይሠራም።

ሬንደር ጫንኩ።

ቀጭ አለ።

እዚህ ላይ ትንሽ አለቀስኩ። ቀጥዬ ተናደድኩ። ቀጥዬ ደግሞ፣ ከማን ጋር ነው የምጣላው አልኩ። ጎረቤት የለም። ካስክ የለም። አቮካዶ የለም። ታዲያ ጥፋቱ ከዚህ ሳጥን ውስጥ ነው። ሶኬቱን ነቀልኩ፣ ኬዙን ከፈትኩ፣ ገመዶቹን አንድ በአንድ በጣቴ ዳሰስኩ። አንዱ መስመር ከምጣድ የወረደ ይመስል ያቃጥላል። ሌላው ቀዝቃዛ ነው፤ እኔ ራሴ ጠቅልዬ ያሰርኩት።

አየሁት። አየሁትና ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ።

አዳፕተሯ ሁለት እግር የተሠራላት ከሁለት መስመር እንድትስብ ነው። ሸክሙ እንዲካፈል። እኔ ሁለቱንም እግሮቿን አንድ መስመር ላይ ሰካኋቸው፣ ያውም ሃርድ ዲስኩ ያለበት መስመር ላይ። አንዱን ቆጣሪ ሳባም ዘነበችም እኛም እንደምንካፈለው፣ እዚያም ውስጥ ረድፉን ሁሉ አንድ ሽቦ ላይ አንጠለጠልኩት። ለቁንጅና ብዬ። ደህናውን መስመር አስሬ። ካርዱ ከባድ ሥራ ሲጀምር ሽቦው አይችልም፣ ማሽኑ ይወድቃል። ከዚያ ሄጄ የሰው ካስክ አስጠፋሁ።

ማሰሪያውን በጥሼ ትርፉን መስመር ፈታሁ። አንዷን እግር ነቅዬ እዚያ ሰካሁ። አንዷ እዚህ፣ አንዷ እዚያ። መልኩ ያስጠላል፣ ገመዱ መሐል ላይ ተጋድሟል። አበራሁ።

ያው ዕለት፣ ከሰዓት

እየሄደ ነው። አልጠፋም። ዶሮ ወጤን በልቼ ተመልሻለሁ፣ አሁንም እየሄደ ነው። ገመዱን በየጊዜው በላስቲክ ሽፋኑ ላይ ዳሰስኩ፣ ለብ ያለ ብቻ ነው። ጋሽ ታደለ ጋር ደወልኩ። ለበዓል ዘመድ ቤት ናቸው፤ ስልኩ ውስጥ ሆታ ይሰማል። ሠራ ወይ አሉ። ሠራ አልኳቸው። ለዘመዶቻቸው በጋሞኛ የሆነ ነገር ተናገሩ፣ ቤቱ ሙሉ እልል አለ። ስለ አዳፕተር እልል ያለ ቤት ከዚህ በፊት ኖሮ አያውቅም።

መስከረም 3፣ ዓርብ

ጥፋቴን ለጎረቤቶቼ ዘርዝሬ ነገርኳቸው። ሁለቱንም በረንዳ ላይ ጠርቼ፣ ገመዱን እያሳየሁ። ሳባ ግድግዳ ይዛ ሳቀች። እትዬ ዘነበች የወላይታ ሰው ናት፣ አማርኛውን እንደመጣላት ነው የምትናገረው፤ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ "ታዲያ ማንጎ በቢላ የቆረጥኩት በከንቱ ነው በለኛ!" አለችኝ። ግን በከንቱ አይደለም። የሳህኑ ማንጎ ተወዷል። ዛሬም ሁለት ሰው ጠይቋታል፣ ሰሌዳዋ ላይ ጽፋዋለች።

ከሰዓት የአያትየውን ምርቃት ቆረጥን። ማለቴ፣ አልቆረጥንም። ጋሽ ታደለ አጠገቤ ተቀምጠው እያንዳንዱን ቃል ይተረጉሙልኛል። ደጅሽ እንግዳ አይጣ፣ ዝናብሽ በጊዜው ይምጣ፣ ያነሣሽው እንስራ አይክበድሽ። በየመሐሉ ሕዝቡ አንድ ላይ ይቀበላል። አ.አ. ቢሄድ ኖሮ አየሩን የሚመርቁ ሽማግሌ ብቻ ይመስሉ ነበር። ሁለተኛው ካሜራ የአስቴርን ፊት ይዟል፣ ሦስተኛው የእናቷን። የት ላይ ፊቷን ላሳይ ስል ጋሽ ታደለ ጉልበቴን ነካ ያደርጋሉ፤ አሁን። እኔ ቋንቋውን አላውቅ፣ እሳቸው ማሽኑን አያውቁ። አብረን ሠራነው።

መስከረም 19፣ እሑድ

ከኦቾሎ ዛሬ ተመለስን። እግሬ ተላልጧል። ደስታዬን እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም፣ ስለዚህ እንደመጣ።

ጭጋግ። አባያ ሐይቅ ከታች አንዴ ይታያል፣ አንዴ ይሸፈናል። ገበያው ላይ አስቴር ስትገባ ሕዝቡ ለሁለት ተከፈለ። ቅቤው ግንባሯ ላይ ያበራል። ሁሉም በመስቀል ሆታ ዮ ማስቃላ ይላል፣ እኔም እላለሁ። ቀረጽን፣ ግን እኔ ግማሹን ካሜራ መያዜን ረስቼ እያየሁ ነበር።

አመሻሹ ላይ የአስቴር አባት፣ አቶ ቶማ፣ ሸማኔ ናቸው፣ ገና ከሽመና ዕቃው የወረደ ነጭ ቡልኮ አውጥተው ግድግዳው ላይ ዘረጉ። ጄኔሬተሩ ተነሣ። ተከራይተን ያመጣነውን ፕሮጀክተር አበራሁ። ሰው ግቢውን ሞላው፣ አጥሩ ላይ ተንጠለጠለ።

ምርቃቱ ሲደርስ ፈራሁ። አያትየው ከፊት በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ቡልኮው ላይ ያሉት አያት መመረቅ ጀመሩ።  የመጀመሪያው ቃል እንዳለቀ፣ ሰርጉ ላይ እንደተቀበሉት፣ ግቢው በሙሉ አንድ ላይ ተቀበለ። ሁለተኛውንም። ሦስተኛውንም። በርጩማው ላይ ያሉት አያት ራሳቸውን እየነቀነቁ ቡልኮው ላይ ላሉት አያት ይቀበሉላቸዋል። እስከ መጨረሻዋ ቃል። አስቴር አለቀሰች፣ እኔ አለቀስኩ። ጋሽ ታደለ ኮፍያቸውን ዓይናቸው ላይ ጣል አድርገው ዞር አሉ።

መጨረሻ ላይ የምስጋና ጽሑፍ አለ። እኔ ነኝ የጨመርኩት፤ "ካስኳን ላጠፋችው ለሳባ፣ ማንጎ በቢላ ለቆረጠችው ለእትዬ ዘነበች"። ኦቾሎ ላይ ማን እንደሆኑ የሚያውቅ የለም። ቢሆንም አጨበጨቡላቸው።

ስንወጣ እኚያ ሁሌ መንገድ የሚያስቀይሩን ሰውዬ፣ ምርቃቱ የተቆረጠባቸው አባት፣ ለካ የበዓሉ እንግዳ ነበሩ። በር ላይ ቆመው ጠበቁን። ጋሽ ታደለ የሚሄዱበት ሌላ መንገድ አልነበረም። ሰውየው የጋሽ ታደለን እጅ ይዘው ትንሹ ልጄ የሚዳረው ለጥር ነው አሉ። ይሄንን ምርቃት ማን ሠራው ብለው ጠየቁ። ጋሽ ታደለ ወደ እኔ ጠቆሙ።

መስከረም 25፣ ቅዳሜ

ሰሌዳችን ወርዶ ነበር፣ ዛሬ ተመልሶ ተሰቀለ። ድሮ የሚለው "ቪዲዮ ቀረጻና ፎቶ" ነው። ጋሽ ታደለ ለእኔ ሳይነግሩኝ አንድ መስመር አስጨምረዋል፤ "ቅንብር እዚሁ"። ቀለሙ ገና አልደረቀም። ሠዓሊው ቦታ አጥቶት ፊደሎቹ ወደ ጫፉ ተጨናንቀዋል። ባንኮኒው ላይ ፓስፖርት ፎቶ የምታነሣ ልጅ ከሰኞ ጀምሮ ትገባለች። እኔ እዚህ ነኝ፣ ከማሽኑ ፊት። ሄለን ትናንት ደውላ አ.አ. ነይ፣ ሥራ ሞልቷል አለችኝ። የለም አልኳት። ሳስበው እንኳን አልቆየሁም።

አሁን የሶፌውን ቀረጻ ሬንደር እያደረግኩ ነው፣ ካርዱ በደንብ

ቆይ፣ ሳባ በሩ ላይ ናት። ካስኩ አልሞቅ ብሏታል፣ ዛሬ መብራቱ ደክሟል፣ ሥሩ ሙሽራ አለች፣ መኪናው ደርሷል። ማሽንሽን ለትንሽ ጊዜ ታጠፊልኝ ትላለች። ይሄኛው እውነትም ቆጣሪው ነው። ሬንደሩ ሊያልቅ ትንሽ ነው የቀረው። ካጠፋሁት ከመጀመሪያው ነው የምጀምረው።

ሙሽራዋን በመስኮት አየኋት። የእኛው ናት፤ ከሰዓት የምንቀርጻት፣ ቅንብር እዚሁ።

አጠፋሁት።